ማንም አልሞተም

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለጀላል፤ ሎግያ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት እያደረገህ ነው? እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልህ፣ ወላሂ ደህና ነን። ጤናችን ደህና፣ ቤታችን ደህና፣ ገበያውም ክፉ አይደለም። የጎደለውን አንተም ታውቀዋለህ፣ ወደ እሱ ኋላ እመጣለሁ።

"በዚህ የስልክ ዘመን ምን ደብዳቤ አስጻፋት?" እንደምትል አውቃለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ስልኩንማ ሞክሬው የለ እንዴ! በየጁምዓው ትደውላለህ፣ ከሩፋይዳ ጋር ትንጫጫላችሁ፣ "እማዬ፣ እንኪ አባዬ ነው" ብላ ስታቀብለኝ ከወዲያ የሚሰማኝ የጎማ መንፊያው ጩኸት ብቻ ነው። እኔ "ሄሎ፣ ሄሎ" እያልኩ ለጎረቤት እጮሃለሁ፣ አንተ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ሬድዋን ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ጎማውን የሚያሠራው አንተ ጋ ስለሆነ በእሱ እጅ ላክሁት። "እፊትህ አንብቦ እስኪጨርስ ከጎሚስታው ንቅንቅ እንዳትል" ብዬ አስምዬዋለሁና ሰበብ አትፈልግ። አብሮት ያለው ጋቢ ያንተ ነው። እዚያ በረሃ ምን ያደርግልኛል እንዳትል፣ ለአዲስ አበባ ብርድ ነው። ይሄንንም ኋላ እነግርሃለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ደስ ደስ የሚለውን ላውራህ። ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ በር ሱቅ ይዣለሁ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ለበዓል ሰሞን ደግሞ ቀሚስ እሸጣለሁ። "ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ከሰው ታጣላሻለች" ትለኝ አልነበር? እዚህ ደንበኛ የምታመጣልኝ እሷው ሆነች። የፋብሪካ ጨርቅ በሽመና ስም ሊሸጥልኝ የሚመጣውን ሁሉ ልክ ልኩን ነግሬ ስመልሰው የሚያዩ ሰዎች፣ "እዚች ሴትዮ ጋ ማታለል የለም" ብለው ይገባሉ። ከሸማኔዎቹ ጋር እጣላለሁ፣ እታረቃለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ደስ ይለኛል ጀላል። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ አዲስ የተሸመነ ነጠላ ስዘረጋ የሚሸተኝን የጥጥ ሽታ ብታውቀው!

ልጅህ አራተኛ ክፍል ገብታለች። በሒሳብ አንተን ወጥታለች፣ አመሰግናለሁ። በእጅ ጽሑፍም አንተኑ ወጥታለች፣ ይሄን ግን ምን ልበልህ። አነጋገሯማ የጉለሌ ልጅ ሆኖልሃል። ባለፈው "አትሩጪ፣ ትወድቂያለሽ" ስላት "ኧረ እማ፣ አታካብጂ" አለችኝ። እትዬ ወለተማርያም ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገቡ።

እትዬ ወለተማርያምን በስልክ ከሩፋይዳ አፍ ሰምተሃቸዋል፣ ግን ማን እንደሆኑ በደንብ አታውቅም። የቤት አከራያችን ናቸው፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ያለው ግቢ የሳቸው ነው። ያኔ አንተ ሎግያ ወርደህ፣ እኔ ከአገር መጥቼ ጳውሎስ ስተኛ አጠገቤ የተኛችውን እህታቸውን ያስታምሙ ነበር። እኔን አስታማሚ እንደሌለኝ ሲያዩ ሾርባውን ለሁለት ይከፍሉት ጀመር። ምን ሆኜ እንደተኛሁ ሳይጠይቁኝ እኔው ነገርኳቸው። ስወጣ "የት ትሄጃለሽ?" አሉኝ። የምሄድበት እንደሌለኝ ፊቴ ላይ አይተው "ሰርቪሷ ባዶ ናት" አሉ። ይኸው እስካሁን እዚያችው ሰርቪስ ቤት ነን። የሰፈሩ የሴቶች እድር ሊቀመንበር ናቸው፣ ሰውን ማዘዝ ይወዳሉ፣ እኔንም ገና ዕቃዬን ሳላስገባ እድር አስገቡኝ። እስላም ክርስቲያን ሳንል አብረን ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። እኔም አንዴ ተቀጥቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ትንፋሽ ውሰድ።

ሰውዬው መያዙን ሰምተሃል። እንዴት እንደተያዘ ግን ማንም አልነገረህም። ካቻምና ለአረፋ በግ ልገዛ ሸጎሌ ሄድኩ። እትዬ ወለተማርያም "አንቺ የጨርቅ እንጂ የበግ ዓይን የለሽም" ብለው ተከተሉኝ። እኛ ያረድነውን እንደማይበሉ ታውቃለህ፣ ግን የማይበሉትን በግ ላት እየመዘኑ ሲያማርጡ ያያቸው ሰው ለራሳቸው ሰርግ ነው ይላል። እሳቸው ካንዱ ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ነጋዴው "እናቴ፣ ለእርስዎ ስል ነው እንጂ" አለ። ድምፁን ሰማሁት።  ቀና ብዬ አየሁት።

እሱ ነው። ከተማችን በታጠቀ ሰው የተሞላች ጊዜ እቤታችን ከገቡት መሀል አዛዣቸው። ያንን ያደረገብኝ እሱ። ስሙን እዚህ ደብዳቤ ላይ አላሰፍርለትም። መሣሪያው የለም፣ ጺሙን ተላጭቷል፣ በትር ይዟል። አየኝና "እህቴ፣ አንቺስ አትይዢውም?" ብሎ በጉን ወደኔ ገፋው። አላወቀኝም ጀላል! የኔን ኑሮ እንዲያ አተራምሶ መልኬን እንኳ አላስታወሰውም። እፈራለሁ ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ግን ተናደድኩ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

እትዬ ወለተማርያምን ጠጋ ብዬ "እሱ ነው" አልኳቸው።  ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ ገባቸው። በጉን ሳይለቁ፣ ወደኔም ዞር ሳይሉ፣ "አንቺ ሂጂ ፖሊስ ጥሪ፣ እኔ በዋጋው እከራከራለሁ" አሉኝ። ያ ረቢ! እየሮጥኩ ሄጄ፣ ለፖሊሶቹ አስረድቼ፣ አልገባ ሲላቸው እንደገና አስረድቼ፣ ይዣቸው እስክመለስ ሴትዮዋ እዚያው ናቸው። ጥርሱን አስከፍተው አይተዋል፣ በጉን ማለቴ ነው። "እስቲ አስኪደው" ብለው አዙረውታል፣ "ያነክሳል" ብለው ተጣልተዋል፣ መልሰው ታርቀዋል፣ ሌላ በግ አስመጥተው ያንንም ንቀዋል። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኗል። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው "በል እንግዲህ፣ እኔም አልገዛም፣ ውድ ነው" ብለው ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ። እኔ ያን ጊዜ መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ደግሞ ሳቄ መጣ። ያን አረፋ በዶሮ ነው የዋልነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙ ነው። ቃል ስጪ፣ ድገሚ፣ ፈርሚ። ከሌሎች ወንዶች ጋር አሰልፈው፣ እያናገሩ "ለዪው" አሉኝ፣ በድምፁ ለየሁት። ከአገር ደግሞ የሱ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩብኝ። "ጦርነት ነበር ልጄ፣ ያልተበደለ የለም፣ ለአላህ ብለሽ እርሺው" አሉኝ። አክብሬ አስተናገድኳቸው፣ ምሳ አበላኋቸው። ከበሉ በኋላ "አባቶቼ፣ በሬን ገንጥሎ የገባው ጦርነት አይደለም፣ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ስም አለው" አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሲወጡ እጄን ይዘው "እውነትሽን ነው" ብለውኛል። ሌሎቹ አኩርፈው ሄዱ፣ ይሁና።

ዐቃቤ ሕጓ ናዝሬት ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ ግን የዋዛ እንዳትመስልህ። ከዚህ ሁሉ ጠያቂ መሀል "ሲደክምሽ ንገሪኝ፣ እናቆማለን" ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እንዲያ ስላለችኝ ሳላቆም ነገርኳት።

የምመሰክርበት ቀን ያለፈው ወር ደረሰ። እትዬ ወለተማርያም ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እድሩን ሰብስበው "የኡሙሀኒ ቀጠሮ እንደ ለቅሶ ይቆጠራል፣ የቀረች ትቀጣለች" ብለው አስወሰኑ። እኔን ማን ጠየቀኝ! "እትዬ፣ ይሄ የጓዳ ነገር ነው እኮ" ብዬ ብቆጣ "እኔ ምኑንም አላወራሁ፣ ከጦርነቱ ጊዜ የሆነ ክስ አላት ነው ያልኩት" አሉኝ። ሴቶቹ ግን ልጆች አይደሉም፣ ገብቷቸዋል። አንዷም ያፈረችብኝ የለች። እንዲያውም የወትሮዋ ወረኛችን ዓለሜ፣ ወሬ ካልነገረች የሚያማት፣ ያን ሰሞን ዓይኗን ሰበር አድርጋ "በርቺ" ብቻ ብላኝ ነው ያለፈችው።

ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ምን አየሁ መሰለህ! የሰፈሬ ሴቶች በሙሉ በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ፊታቸው ላይ። የእድሩን ምንጣፍ አንጥፈዋል። ንፍሮ በትሪ ቀርቧል። ዓለሜማ እንባዋ መውረድ ጀምሯል። ጥበቃው ግራ ገብቶት "እናቶች፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?" ይላቸዋል። እትዬ ወለተማርያም ኮስተር ብለው "ልጄ፣ እኛ ሴቶች ተሰብስበን የምንወጣው ወይ ለሰርግ ነው ወይ ለለቅሶ ነው። ይሄ መቼም ሰርግ አይደለም" አሉት።

ምን ያድርጉ፣ ሌላ መቀመጫ አያውቁም። አጠገቤ ለመሆን የሚያውቁት መንገድ ይሄ ነው። እኔን ግን አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያየኝ እንደዚሁ ነበር። ገና ያን ሰሞን በአገር ሳለሁ እናቴ ያየችኝ እንደዚህ ነው፣ ዘመድ ያየኝ እንደዚህ ነው። አንተም እንደዚያ አይተኸኝ ነው ወደ ሎግያ የወረድከው። በቃኝ። "ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። ጥበቃው እንኳ ደነገጠ። "ይኸው ቆሜያለሁ አይደል? በሉ አውርዱት!" አልኩና ከእትዬ ወለተማርያም ጀምሬ እየዞርኩ የያንዳንዳቸውን ነጠላ አገላብጬ ጥለቱን ወደ ታች አደረኩላቸው፣ እንደ በዓል ቀን። ግማሹ ነጠላ ከኔው ሱቅ የወጣ ነው። የሰው ነጠላ ማስተካከል ሥራዬ ነዋ። ዓለሜ አፍንጫዋን እየጠረገች "ንፍሮውንስ ምን እናድርገው?" አለች። "እስክወጣ ጠብቁኝ፣ አብረን እንበላዋለን" አልኳት።

ችሎቱ ዝግ ስለነበር ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቀሩ። በኔና በሱ መሀል መጋረጃ ተጋርዷል። በቁርኣን ማልኩና ተናገርኩ። እዚህ አልደግመውም፣ አንተ ታውቀዋለህ። የመሀል ዳኛዋ ውሃ አስመጡልኝ፣ አንድ ጊዜም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ራበኝ። ወላሂ ራበኝ! ወጥቼ ያን ንፍሮ ቁጭ ብዬ በላሁት። ለቅሶ ቤት እንደዚያ ቢበላ ሰው ይታዘባል፣ እኛ ግን እየተሳሳቅን ጨረስነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል፣ ፊቴም ወዝ አውጥቷል ይሉኛል። ስለዚህ እኔን እያሰብክ እንዳትጨነቅ፣ አብሽር።

የቀረው አንድ ነገር ነው፣ እሱም ያንተ ነው። የሱ ጠበቃ "ቤቱ ጨለማ ነበር፣ ሴትዮዋ በድምፅ ብቻ ነው የለየችው፣ ተሳስታለች" ብሎ ይከራከራል። ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር ደህና አድርጌ አላየሁትም፣ እውነቱን ተናግሬያለሁ። አንተ ግን ግቢው ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ከምሰሶው ጋር ታስረህ ፊት ለፊት አይተኸዋል። ያሰረህም ሲገባ ሲወጣ የነበረውም እሱ ነው። ናዝሬት "ባልሽ ካልመሰከረ በነጻ ሊለቀቅ ይችላል" ብላኛለች። ከተለቀቀ ተመልሶ ሸጎሌ በግ ይሸጣል፣ እኔም በዚያው ሚኒባስ እመላለሳለሁ።

መጥሪያ ሁለት ጊዜ ተልኮልህ "ሰውየው አልተገኘም" ተብሎ ተመልሷል። ከጎሚስታህ በር ንቅንቅ የማትል ሰው እንዴት እንዳልተገኘህ እኔም ሬድዋንም አልገባንም። ናዝሬት "ፖሊስ ይዞት እንዲመጣ ማሳዘዝ እንችላለን" አለችኝ። እምቢ አልኳት። "ባሌን አንዴ ታስሮ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። እኔ እጽፍለታለሁ፣ በገዛ እግሩ ይመጣል" አልኳት። ቀጠሮው ታኅሣሥ 9 ጠዋት ነው። ጋቢውን የላክሁልህ ለዚህ ነው፣ በዚያ ወር የጉለሌ ብርድ አጥንት ይገባል። እትዬ ወለተማርያም "ሳሎኔ ላይ አነጥፍለታለሁ" ብለው ነበር። "የለም፣ እቤቱ ነው የሚያድረው" አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ "ይምጣ ብቻ፣ መጀመሪያ የምቆጣው እኔ ነኝ" ብለዋልና ራስህን አዘጋጅ።

ለምን እንደምትሸሽ ግን አሁን ገብቶኛል። ጠበቃው ነው ያስገባኝ። ጥያቄውን ሊጨርስ ሲል ጉሮሮውን ጠርጎ "ባልሽ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር ብለሻል። ባልሽ ታዲያ ምን አደረገ?" አለኝ። አጠያየቁ ምንም አላደረገም እንድል ነው። ወዲያው አንተ መጣህብኝ። ባሌ ለአራት ዓመት በየሌሊቱ ራሱን የሚጠይቀው ይሄንን ነው አልኩ በልቤ። ከኔ የሸሸው ይሄንን እንዳልጠይቀው ነው አልኩ። አልተሳሳትኩም አይደል?

የመለስኩለትን ልንገርህ። እንዲህ አልኩት፤ "ባሌ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። አባቱም እናቱን በስም አይጠሩም፣ ያደገበት ነው። 'አንቺ' ነው የሚለኝ፣ ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ 'የሩፋይዳ እናት'። ያን ቀን እጅ እግሩ ታስሮ ስሜን ጠራ። በሰደፍ መቱት፣ ጠራ። አፉን መቱት፣ ጥርሱ ወደቀ፣ ደም በደም ሆኖ ጠራ። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አላቋረጠም።" 

መልስ ስላልሰጠሁህ አልሰማችኝም ብለህ ይሆናል። ልጃችን ጓዳ እህሉ ጀርባ ተደብቃ ነበር። ድምፄን ከሰማች ትወጣለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንጂ ሰምቼሃለሁ ጀላል። እያንዳንዷን ሰምቻታለሁ። እነሱ እንደ ዕቃ ሲያደርጉኝ አንተ ማን እንደሆንኩ እየነገርከኝ ነበር፣ እኔም ስሜን ይዤ ነው የወጣሁት። አንተ ምንም አላደረግህም ማለት እንግዲህ ምን ማለት ነው? እኔ እኮ በዚያ ቀን ነገር ተቀይሜህ አላውቅም። የተቀየምኩህ ከዚያ በኋላ ስለጠፋህ ነው፣ እሱንም ብትመጣ እተወዋለሁ።

አላህ መንገድህን ገር ያድርግልህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ መራቂ እናቶቻችን ዱበርቲዎቹ የመረቁት ሰው ይሁንህ አብሮ ተጓዥህ። ልጅህ ጉንጭህን ስማሃለች፣ የወለቀውን ጥርስህን ቦታ ለማየት ቸኩላለች፣ የሷም አንድ ስለወለቀ ልታወዳድር ነው።

ችሎት ስትቆም ዳኛዋ መጀመሪያ "ተበዳይዋን ታውቃታለህ? ማን ትባላለች?" ብለው ይጠይቁሃል። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስላቸው።

ሚስትህ
ኡሙሀኒ